የመድን ጣሪያ የካሳ ጣሪያ አይደለም

በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን አዋጅ ቁጥር 799 ከያዛቸው አሃዞች ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው መገረሙ አይቀርም። ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት መድን ሰጪው ለአንድ ሰው እንዲከፍል አዋጁ ሲወጣ የተወሰነው ቢበዛ 40,000 ብር ነበር። ለንብረት ጉዳት ግን እስከ 100,000 ብር ይደርስ ነበር። አንድ አይሱዙ ፍሬን እምቢ ብሎት መንገድ ዳር የቆመች ሴት ቢገጭና እዚያው አጠገብ ያለ የቤት መኪና ቢጨፈልቅ፣ በዚያ ስሌት የቤት መኪናው ባለቤት ከሴትየዋ ሁለት እጥፍ ተኩል ሊያገኝ ይችል ነበር። ያረቀቁት ሰዎች ሰውን ከቆርቆሮ አሳንሰው ያዩ ናቸው ለማለት አልደፍርም። ዓረቦኑ ለታክሲና ለጭነት መኪና ባለንብረት እንዳይከብድ ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ የግድ ሆኖባቸው እንደነበር መገመት አይከብድም። ብሩ ግን በያኔው አቅሙ አልቆየም። አዋጁ ሲወጣ 40,000 ብር ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው ገንዘብ 400 ዶላር እንኳ አይሞላም።

ችግሩ አሃዙ ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ አሃዙን ማሳደግ። ነገር ግን ጣሪያው ዛሬ ከፍ ቢል፣ ነገም ቢጨመርበት፣ አንድ የተሳሳተ እምነት እስካልተነቀለ ድረስ ተጎጂው ተበድሎ መቅረቱ አይቀርም። «ኢንሹራንሱ ከከፈለ ጉዳዩ አለቀ» የሚለው እምነት ነው። ሹፌሩም ባለንብረቱም እንዲህ ያስባሉ፤ ተጎጂው ራሱም ያምንበታል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። መድን የሚሸፍነው የካሳውን የመጀመሪያ ድርሻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የባለንብረቱ ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል።

መሠረቱ ከአዋጁ እጅግ ይቀድማል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢሆን። ከዚህ ለመውጣት መኪናው አደጋው በደረሰበት ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት አለበት። ተጎጂው የባለንብረቱን ጥፋት እንዲያስረዳ አይጠየቅም። ባለንብረቱ «እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር» ቢል አያድነውም። ካሳውም ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን እንዳለበት፣ ወደፊት መድረሱ እርግጥ የሆነ ጉዳትም እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ሕጉ ይደነግጋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከዓመት በኋላ አጥንቱ ውስጥ የገባለትን ብረት ለማስወጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው የዚያን ወጪ ዛሬ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው።

በእርግጥ መንገዱ ለሁሉም አንድ አይደለም። እግረኛው ራሱ ጥፋት ካለበት ካሳው ይቀነሳል፤ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእሱ ከሆነም ሊቀር ይችላል። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ሕጉ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምትና ጉዳቱን ለሁለት ያካፍላል፤ ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንዱ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር። በአባዱላ ወይም በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ተሳፍሮ የተጎዳ ሰው ደግሞ ከአጓጓዡ ጋር ውል ስላለው ጥያቄው በዚያ ውል ሕግ ይመራል እንጂ በ2081 አይደለም። በድርጅቱ ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ የተጎዳ ሠራተኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለለት፤ ጉዳቱ በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ስንት ነው? ብዙዎቹ ያልወሰዱትን የዓመት ፈቃድ እያሰሉ ነው የሚተኙት።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ሰፊ ከሆነ፣ ሰዉ ለምን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይቆማል?

መልሱ ያለው ችሎት ውስጥ ሳይሆን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። ሹፌሩ ታስሯል። በሳምንቱ የሹፌሩ እናት፣ የባለንብረቱ ወንድምና ሁለት ሽማግሌዎች ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለው ይመጣሉ። «እግዚአብሔር ይማርልን፤ ያልታሰበ ነገር ነው» ይላሉ። ትልቁ ሽማግሌ ቀስ ብሎ፣ «ልጁን አሳስረን ምን እናተርፋለን፣ እሱም የልጆች አባት ነው» ይላል። የተጎጂው ወንድም በበኩሉ ከትናንት ጀምሮ የያዘው ማዘዣ ኪሱ ውስጥ አለ፤ ብረት ይገዛ ተብሏል፣ ደም ይተካ ተብሏል፣ መድኃኒቱም ከውጭ ፋርማሲ ነው። ገንዘብ ይቆጠራል። ከዚያ ወረቀት ይወጣል፦ «ካሳዬን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር ክስ የለኝም።» ምስክሮች ይፈርማሉ። ተጎጂው እጁ ተጠቅልሎ ከሆነ በአውራ ጣቱ ቀለም ይነካል።

ዕርቁን የምነቅፍ አይደለሁም። በገጠርም በከተማም ደም እንዳይቃባ ያደረገ፣ የገጪንና የተገጪን ቤተሰብ መልሶ በአንድ ለቅሶ ቤት ያስቀመጠ ልማድ ነው። የሚያጠፋው «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ቃል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3312 ግልግል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይጸናል ይላል። ስለዚህ ያ አንድ ገጽ ወረቀት ከፍርድ አይተናነስም። ልዩነቱን ልብ በሉ። ሰውን በቸልተኝነት መግደል ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ያለ ጉዳይ በመሆኑ ሹፌሩ በዕርቁ ምክንያት ቅጣቱ ይቀልለታል እንጂ የወንጀሉ መዝገብ በሽማግሌ ፊርማ አይዘጋም። ተጎጂው ግን በዚያችው ፊርማ የፍትሐ ብሔር መብቱን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል። ወረቀቱ ለሚያስጽፈው ሰው የሚያተርፈውን ያህል የሚፈርመውን ሰው ያከስረዋል። መፍትሔው ከሽማግሌ መሸሽ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ «ለሕክምና የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ፤ ከጠቅላላ ካሳው ላይ የሚታሰብ» ብሎ ማስጻፍ ነው። በቅን ልብ የመጡ ሽማግሌዎች ይህን አይቃወሙም። የሚቃወም ካለም ለምን እንደመጣ ተጎጂው ያን ጊዜ ያውቃል።

የመድን ድርጅቱ መስኮት ላይም ተመሳሳይ ሰነድ ይጠብቃል። ክፍያ ሲፈጸም ተጎጂው ደረሰኝ ይፈርማል፤ አንዳንዱ ደረሰኝ ከመድን ድርጅቱ አልፎ ባለንብረቱንም ነጻ የሚያወጣ ቃል ሊኖረው ይችላል። ሰዉ አያነብም፤ ማን ያነባል? ወራት የጠበቀው ገንዘብ ፊቱ ላይ ነው።

የዚህ ሁሉ ጥድፊያ መነሻው ሰዓት ነው። ካሳው የራሱ ሰዓት አለው፣ አጥንቱም የራሱ። የጭን አጥንት ስብራት በደህና ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። ቆዳ ተበጥሶ አጥንቱ ለውጭ የተጋለጠ የቅልጥም ስብራት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጸረ ተህዋስ መድኃኒትና እጥበት ካላገኘ ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል፤ ኢንፌክሽን የያዘው አጥንት ደግሞ ዓመት አልፎም ላይጠገን ይችላል። የራስ ቅልና የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው ምን ያህል እንደሚያገግም ለማወቅ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ ግድ ነው። የአከርካሪ ጉዳተኛውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ራሱ ሳይሆን በኋላ የሚመጣው የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነው። የሐኪሞች ቦርድ ዘላቂ ጉዳቱን በመቶኛ ለመወሰን ሕክምናው እስኪያልቅ፣ ሁኔታው እስኪረጋ ይጠብቃል። ገንዘቡ ግን የሚፈለገው ዛሬ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዓቶች ባለመገናኘታቸው፣ ተጎጂው የጉዳቱን መጠን ከማወቁ በፊት መብቱን ይሸጣል።

በዚህ ክፍተት ውስጥ ወጌሻ ይገባል። ወጌሻን ማጣጣል ለከተማ ሰው ቀላል ነው፤ ሆስፒታል ወረፋ ሳምንት በሚፈጅበት፣ ወጌሻው ደግሞ ዕለቱን ቤት ድረስ በሚመጣበት ቦታ ምርጫው ስንፍና አይደለም። ነገር ግን አብጦ ያለ እግር በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም ሊቋረጥና እግሩ ሊሞት ይችላል። ሊድን የሚችል ስብራት የነበረው ሰው እግሩ ተቆርጦ የወጣበት ታሪክ በአጥንት ሐኪሞች ዘንድ እንግዳ አይደለም። የካሳው ጣጣ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። የባለንብረቱ ጠበቃ «እግሩ የተቆረጠው በወጌሻ እንጂ በእኛ መኪና አይደለም» ብሎ ይከራከራል፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ሆስፒታል የተጻፈ ካርድ ያለው ሰው ስብራቱ ከመኪናው መሆኑን ቢያንስ በሰነድ ያሳያል። ካርድ የሌለው ምስክር ፍለጋ ይዞራል።

አዋጁ ማንኛውም የጤና ተቋም ለተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ወጪውም እስከ 2,000 ብር ይሸፈናል ብሎ ነበር። ግዴታው ትልቅ ነገር ነው፤ በሩ ላይ «ቅድሚያ ክፈሉ» ተብሎ የሚመለስ ሰው መብቱን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ያ 2,000 ብር ግን ዛሬ በግል ሆስፒታል ለአንድ ሲቲ ስካን አይበቃም።

ወደ ካሳው ስሌት እንምጣ፤ ነገሩ በደንብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የ32 ዓመት ሴት ናት እንበል፤ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች፣ በወር 9,000 ብር ታገኛለች። ቦርዱ 35 በመቶ ዘላቂ ጉዳት ወሰነ። እስከ 60 ዓመቷ ብትሠራ 28 ዓመት ይቀራታል። የዓመት ገቢዋ 108,000 ብር፣ በ28 ዓመት 3,024,000 ብር፣ የዚህ 35 በመቶ ደግሞ 1,058,400 ብር ነው። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የሚከፈል መሆኑን፣ ሌላም ምክንያት አይቶ ሊቀንሰው ይችላል፤ የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለም በርትዕ የመወሰን ሥልጣን አለው። በግማሽ ቢቀንሰው እንኳ ከአምስት መቶ ሺህ ብር በላይ ነው። ይህችው ሴት በ2005ቱ አዋጅ ጣሪያ መሠረት 40,000 ብር ተቀብላ «ጉዳዩ አለቀ» ብላ ብትሄድ ምን ጥላ እንደሄደች ከዚህ ይታያል።

ግን 9,000 ብር ማግኘቷን በምን ታስረዳለች? የደመወዝ ፔሮል የላትም። እዚህ ላይ ጥሩ ጠበቃ ዕቁብ ይፈልጋል። በየቀኑ 200 ብር የምትጥልበት ዕቁብ ካለ፣ የጸሐፊው ደብተር ላይ ስሟና ያስገባችው ገንዘብ በቀን በቀኑ ተጽፏል፤ በቀን 200 ብር የሚጥል ሰው ቢያንስ ከዚያ በላይ ያገኛል። የዕቁቡ ዳኛ መጥቶ ይመሰክራል። ዕቃ የሚያራግፍላት ጅምላ ነጋዴም ምስክር ነው። ወጥመዱ ደግሞ ከሌላ በኩል ይመጣል። ለገቢዎች ዝቅተኛ ገቢ አስመዝግባ ግብር ስትከፍል ከነበረ የባለንብረቱ ጠበቃ ያንን ደረሰኝ ያስቀርባል፤ ለግብር ሰብሳቢው ያሳነሰችው ገቢ ለዳኛው ትልቅ ሊሆንላት አይችልም። ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ይያዛል።

መቶኛውም ቢሆን ሙሉውን እውነት አይናገርም። ቦርዱ የሚለካው አካሉን ነው እንጂ ሥራውን አይደለም። የቀኝ እግሩ ቁርጭምጭሚት የደረቀ የባንክ ሠራተኛ እያነከሰም ቢሆን ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ሸማኔ ግን እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መርገጫውን በሁለት እግሩ ካላፈራረቀ ድርና ማግ አይገናኝለትም። ሁለቱም ከቦርድ የሚያወጡት 15 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ሸማኔው ግን ሙያውን በሙሉ አጥቷል። ይህን ለይቶ በክስ ማመልከቻው ላይ ያልጻፈ ጠበቃ ከደንበኛው ላይ ብዙ ገንዘብ ያስቀራል። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይሰጥም።

አስታማሚዋስ? በእኛ ሆስፒታሎች ታካሚው ብቻውን አይተኛም። እህት ወይም ሚስት ሥራዋን ትታ ወለል ላይ ጋቢ አንጥፋ ወር ትከርማለች፤ ምግብ ታመላልሳለች፣ ታገላብጣለች፣ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ትዞራለች። የእሷ የቀረ ገቢ በክሱ ላይ ሲጻፍ የማየው በጣም ጥቂት ነው። የኮንትራት ታክሲውም ደረሰኝ የለውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወጪን በአንድ ደብተር መጻፍ፣ ደረሰኝን በአንድ ፌስታል ማጠራቀም የጠበቃ ምክር አይፈልግም፤ ከዓመት በኋላ ግን ጠበቃው የሚይዘው እሱን ነው።

የሕሊና ጉዳት ካሳ ከዚህ ሁሉ ያሳፍራል። ሕጉ በቁጥር 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳ በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም ብሎ ዘግቶታል። በ1952 ይህ ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ስለነበር ከባድ ገንዘብ ነበር። ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። ልጁን በአደጋ ላጣ አባት ስለ ሐዘኑ የሚሰጠው ካሳ ከለቅሶ ድንኳን ኪራይ ያንሳል። ስድሳ አምስት ዓመት ያህል አንድ አሃዝ ሳይነካ የቆየበትን ምክንያት ላስረዳ ብል ስለ ፓርላማው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ፍርድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ገንዘቡን ማግኘት ሌላ። እዚህ ላይ ተጎጂው ከሊብሬ ጋር ይጋፈጣል። መኪናው በውክልና የተሸጠ ሊሆን ይችላል፤ ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ከሦስት ዓመት በፊት ሸጫለሁ ይላል፣ የገዛው ደግሞ ለሌላ አስተላልፌያለሁ ይላል፣ ሹፌሩ ማን እንደቀጠረው በቅጽል ስም ነው የሚያውቀው። ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የባለቤትነት ማረጋገጫ በጊዜ ማስወጣት፣ በሊብሬው ላይ ያለውንም መኪናውን በእጁ የያዘውንም በአንድ ክስ ማካተት ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። ፖሊስ መኪናውን ለቴክኒክ ምርመራ ይዞ ካቆየ በኋላ ይለቀዋል። ለብዙ ባለንብረት ያ መኪና ያለው ንብረት በሙሉ ነው፤ ክስ እንደሚመጣ ሲያውቅ ቶሎ ሊሸጠው ይችላል። ስለዚህ ክሱ ሲከፈት አብሮ በመኪናው ላይ የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ከካሳ ክርክሩ እኩል አስፈላጊ ነው። ያለ እግድ የተገኘ ፍርድ አንዳንዴ በፍሬም የሚሰቀል ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ጊዜው ራሱም ያልቃል። ከውል ውጭ ኃላፊነት ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ጉዳቱ ወንጀል ከሆነና ለወንጀሉ ረዘም ያለ ይርጋ ካለ ያ ረጅሙ ይሠራል። ሁለት ዓመት ለጤነኛ ሰው ብዙ ነው። ሦስት ጊዜ ቀዶ ሕክምና የገባ፣ በክራንች የሚሄድ ሰው ግን ቦርድ ሲጠብቅ ሊያልፍበት ይችላል። ቦርዱ እስኪወስን ክሱን ማዘግየት አያስፈልግም፤ ክሱ ተከፍቶ የሕክምናው ማስረጃ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊቀርብ ይችላል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰውም በደሃ ደንብ እንዲከስ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ፈቅዶለታል።

ሌላው በስህተት ተስፋ የሚቆረጥበት ቦታ የወንጀል ችሎት ነው። በወንጀሉ ክስ ላይ ተጎጂው ገብቶ ካሳ እንዲጠይቅ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 154 መንገድ ከፍቷል፤ ሲሠራበት ግን ብዙም አይታይም። ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ሲወጣ ደግሞ ተጎጂው «ነጻ ከወጣ ካሳም የለም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የፍትሐ ብሔር ችሎት በወንጀል ችሎት የነጻ ማሰናበቻ አይታሰርም፤ ቁጥር 2149 ይህን በግልጽ ይላል። ደግሞም የባለንብረቱ ኃላፊነት በጥፋት ላይ የቆመ ስላልሆነ የሹፌሩ ነጻ መውጣት ባለንብረቱን አያድነውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን መዝገብ ሲኖር ነው። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ያላነሳበት አደጋ በሕግ ዓይን እንዳልደረሰ የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የኢትዮጵያ መንግሥት በአንድ ዓመት የመዘገበው የትራፊክ ሞት ከ4,400 ያነሰ ሲሆን ድርጅቱ የገመተው ከ27,000 በላይ ነበር። ግምቱ ከፍ ብሎ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ልዩነቱ ግማሽ እንኳ ቢሆን፣ ቤቱ ተወስዶ ከሳምንት በኋላ የሞተውና ገጠር መንገድ ላይ ወድቆ የቀረው ሰው ፋይል እንደሌለው ይነግረናል። ፋይል የሌለው ሰው ቤተሰብ ከመድን ፈንዱም አያገኝም። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ሦስተኛ ወገን የሌለው መኪና የጎዳው ሰው በዚህ ፈንድ እንዲካስ ሕጉ አስቦ ነበር፤ የፖሊስ ሪፖርት ግን የፈንዱ በር ቁልፍ ነው።

እስራኤል ውስጥ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት ሌላ አሠራር አለ። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ ጥፋት የማን ነው ሳይል «ቢቱአህ ሆቫ» በሚባለው የግዴታ መድን ተጎጂውን ያስክሳል፤ መድን የሌለው ወይም ያመለጠ መኪና የጎዳውን «ካርኒት» የሚባለው ፈንድ ይከፍላል። ገደብ የለውም አይባልም። የገቢ ኪሳራ ስሌቱ ከአማካይ ደመወዝ ሦስት እጥፍ አይበልጥም፤ የጠበቃ ክፍያም ጉዳዩ በደረሰበት ደረጃ 8፣ 11 ወይም 13 በመቶ ብቻ ነው። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነው። ተጎጂው ጠቅላላ ካሳው እስኪወሰን ድረስ ለሕክምናና ለኑሮው የሚሆን ጊዜያዊ ክፍያ ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ ይችላል። ያ ክፍያ ከመጨረሻው ካሳ ይቀነሳል እንጂ ካሳውን አይዘጋም። አጥንቱ የሚፈልገውን ጊዜ ያገኛል፣ ቤተሰቡም ሽማግሌ ፊት በችግር አይፈርምም።

እኛ ዘንድ የጣሪያው ክርክር ሁልጊዜ ከዓረቦን ጋር ይጋጫል። የታክሲና የባጃጅ ባለንብረቶች ዓረቦን ሲጨምር ያማርራሉ፤ ምክንያት የላቸውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ወጪው አልጠፋም፤ አሁንም የሚከፈል ነው። የሚከፍሉት ግን በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ ለሕክምና የመጣው ገበሬና ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ አስታማሚ ያደረገችው እናት ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ወጪው ይኑር አይኑር አይደለም፤ በመንገድ ላይ ያሉ መኪናዎች ሁሉ በጥቂት በጥቂት ይካፈሉት ወይስ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ይሸከመው የሚለው ነው።

ሕጉ ዳግም ሲነካ ከአሃዙ በፊት መቅደም ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ ብዬ አምናለሁ። አንዱ ያ ጊዜያዊ ክፍያ ነው፤ ሐኪም በሚያቀርበው ማስረጃ፣ በወር በወሩ፣ እስከ መድኑ ጣሪያ ድረስ። ሁለተኛው ለመንግሥትም ለመድን ድርጅትም ምንም አያስወጣም፦ መድን ሰጪው ሲከፍል የሚያስፈርመው ደረሰኝ ተጎጂው ከጣሪያው በላይ በባለንብረቱ ላይ ያለውን መብት እንደማይነካ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ የተፈረመ የ«ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» ወረቀትም የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ እንደ ቅድሚያ ክፍያ ብቻ እንዲቆጠር የሚደነግግ አንድ አንቀጽ።